ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር፦ ለቤትም ለካምፒንግም ጄኔሬተር ስመርጥ የተሳሳትኩትና ያስተካከልኩት

የመጀመሪያውን ጄኔሬተሬን የመረጥኩት ካርቶኑ ላይ ባየሁት ትልቅ ቁጥር ነው። 5500 ይላል። አጠገቡ 2000 የሚል፣ ሻንጣ የሚመስል ትንሽ ነገር ተቀምጦ ነበር። ዋጋው ከትልቁ ብዙም አይርቅም። «ለዚች ሚጢጢ ይሄን ሁሉ ከፍዬማ አላብድም» አልኩና ትልቁን አስጫንኩ።

ማታ ቤት ስናወርደው ሁለት ሆነን ወገባችን ሊበጠስ ነበር። 80 ኪሎ ገደማ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ጄኔሬተሩን የፈለግኩት እኮ ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ቤት መብራት ሲጠፋ እና ድንኳን ይዘን ስንወጣ። 80 ኪሎ ብረት ይዞ ካምፒንግ የሚወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ከራሴ በቀር።

አሁን ቤቴ ያለችው ያቺ ሻንጣ መሳይዋ ናት። 21 ኪሎ ናት፤ እጀታዋን ይዤ ብቻዬን አነሳታለሁ። ከትልቁ ወደ ትንሿ እስክሻገር ሁለት ዓመትና ብዙ ቤንዚን ፈጅቶብኛል። እናንተ ያን መንገድ ባትሄዱት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። ጄኔሬተር ሁለት ዓይነት ጉልበት አለው። አንዱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚያወጣው ነው። ሌላው ለሰዓታት ሳይደክም የሚሰጠው ነው። ካርቶን ላይ ደምቆ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። የእኔም 5500 የጥቂት ሰከንዱ ነበር። የዘወትሩ 5000 ነው፤ እሱም ሞተሩ ጎን በተለጠፈች ትንሽ ብረት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ካርቶኑን ተዉትና ያቺን ብረት አንብቡ። በዋት ፋንታ በኬቪኤ (በሺህ ቮልት-አምፔር) ከተጻፈ ደግሞ አጠገቡ ባለው የፓወር ፋክተር ቁጥር፣ ማለትም ከዚያ ውስጥ ስንቱ እውነተኛ ዋት እንደሆነ በሚናገረው፣ አባዙት። 0.8 ከሆነ 5 ኬቪኤው 4 ኪሎዋት ነው ማለት ነው።

ማንም ያልነገረኝ ሌላም ነገር አለ፤ ከፍታ። ሞተር የሚሠራው አየር እየሳበ ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በ300 ሜትር 3 ከመቶ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይጠፋል። 2400 ሜትር ላይ ስትደርሱ ሩቡን ያህል አጥታችኋል። የዘወትር ጉልበቱ 1600 ዋት የሆነ ጄኔሬተር እዚያ 1200 ቢሰጣችሁ ነው። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነም ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል። ለብዙ ሞዴሎች የከፍታ ቦታ ማስተካከያ ትንሽ ዕቃ አለላቸው፣ መካኒክ ይቀይረዋል። ቢሆንም የጠፋው ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ወይም ተራራ ላይ ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ይህን ከሒሳቡ መጀመሪያ ላይ ቀንሱ።

ሒሳቡስ እንዴት ነው? እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው የሠራሁት። እናንተ በፊት ሥሩት። አንድ ወረቀት ይዤ ክፍል በክፍል ዞርኩ። የያንዳንዱን ዕቃ ጀርባ አነበብኩ። ዋቱ ካልተጻፈ አምፔሩን በቮልቱ ማባዛት ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የዋት መለኪያም ተዋስኩ።

ዕቃዎቹ በሦስት ይከፈላሉ ብል ይሻላል። የሚያሞቁት ግልጽ ናቸው። ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ምድጃ፣ የፀጉር ማድረቂያ፤ የተጻፈባቸውን ያህል ይወስዳሉ፣ ግን የሚወስዱት ብዙ ነው። አንድ የውሃ ማፍያ ብቻውን 2000 ዋት ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሮኒክሶቹ ደግሞ ከምናስበው በታች ናቸው። ላፕቶፕ 65፣ ዋይፋይ 12፣ ቴሌቪዥን 90። ተንኮለኞቹ ሞተር ያላቸው ናቸው። ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት ይበቃዋል፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ያን አምስት ስድስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። የውሃ ፓምፕም እንደዚያው ነው። ተራ የዋት መለኪያ ይህን ቅጽበት አይይዘውም፤ ስለዚህ መለኪያው 150 አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ። ማይክሮዌቭም ያሳስታል። በሩ ላይ 800 የሚለው ምግቡ ጋ የሚደርሰው ነው። ከሶኬት የሚስበው ከ1200 ሊያልፍ ይችላል።

የእኔ ወረቀት ይህን ይመስል ነበር፦ ስምንት ባለ 9 ዋት አምፖል 72፣ ዋይፋይ 12፣ ቴሌቪዥን 90፣ ላፕቶፕ 65፣ የስልክ ቻርጀሮች 30። ድምሩ 269። ፍሪጁ ሲጨመር 419። ፍሪጁ በሚነሳባት ቅጽበት 900 ብንይዝለት እንኳ 1169።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ለዚህ ነው 5000 ዋት የገዛሁት?

ትልቁ ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ ሳይሠራ ነው የሚጮኸው። ቤንዚኑን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ምክንያቱም የተለመደው ዓይነት ጄኔሬተር ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ አይችልም። 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ መመላለሱ ነው) ለመስጠት ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ መዞር አለበት፤ በ60 ኸርዝ አገር 3600። አንድ ስልክ ቻርጅ ብታደርጉም ቤቱን ሙሉ ብታበሩም እኩል ይዞራል። እኔ ዘንድ ያለ ሥራ ተቀምጦ በሰዓት ሊትር ተኩል ገደማ ይጠጣ ነበር።

ትንሿ ኢንቨርተር የሚሉት ዓይነት ናት። ያመነጨችውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ወደሚፈስ) ትቀይረዋለች፣ ከዚያ በኤሌክትሮኒክስ አስተካክላ ወደ ኤሲ (እንደ ግድግዳ ሶኬቱ ወደሚመላለስ) ትመልሰዋለች። ስለዚህ የሞተሩ ፍጥነት ከኸርዙ ጋር አይያያዝም። ሥራው ሲቀንስ ሞተሩም ረገብ ይላል። በሩብ ጭነት በሰዓት ግማሽ ሊትር እንኳ አትሞላም። 3.6 ሊትር የምትይዝ ታንኳ ስምንት ሰዓት ያህል ታቆየኛለች። ፍሪጁ ሲነሳ «ግርርር» ብላ ትነሳሳለች፣ ከዚያ ተመልሳ ታጉተመትማለች። ማታ ቁጭ ብዬ በድምጿ ብቻ ፍሪጁ መቼ እንደተነሳ አውቃለሁ።

የኤሌክትሪኩ ጥራትም ይለያል። በትልቁ ጊዜ የኮምፒውተሬ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) ጄኔሬተሩን አልቀበልም ይል ነበር። ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ባትሪው ይመለሳል፣ በመጨረሻ ባትሪው ያልቅና ይጠፋል። ዩፒኤሱ ተበላሽቷል ብዬ አስጠገንኩት፤ ደህና ነው ተባልኩ። ችግሩ ጄኔሬተሩ የሚሰጠው ሞገድ የተንሻፈፈ መሆኑ ነበር። በኢንቨርተሯ አንድም ቀን አላጉረመረመም።

ቃል የገባሁት ባይሆንም ስለ ካምፒንጉ ሌሊት ልንገራችሁ። ትልቁን በጭነት መኪና ጀርባ አስሬ ሄድኩ። ድንኳናችንን ተከልን። ሲመሽ አስነሳሁት። የማበራው ሁለት አምፖልና አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። ራቅ ብለው ሁለት ሌሎች ድንኳኖች አሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጎልማሳ ሰው ባትሪ ይዞ መጣ። ተቆጥቶ አይደለም። በጣም በትሕትና «ወንድም፣ ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ነው?» አለኝ። አጠፋሁት። ዝም ሲል የእንቁራሪቶቹ ድምፅ መጣ። እስከዚያ ድረስ እንቁራሪት መኖሩን አላወቅንም ነበር። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ ያ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ስለ ድምፅ ስታነቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ይጮኻል። የእኔ ትልቁ 74 ይላል፣ ትንሿ 54፤ አራት እጥፍ ያህል ልዩነት ነው። ሁለተኛው፣ በስንት ሜትር ርቀትና በምን ያህል ጭነት እንደተለካ ፈልጉ። ብዙዎቹ በ7 ሜትር ርቀት፣ በሩብ ጭነት የለኩትን ነው የሚጽፉት። ሙሉ ጭነት ላይ ትንሿም ትጮኻለች።

ካምፒንግ ላይ ሌላም ተምሬያለሁ። ትንሿን በወሰድኩበት የመጀመሪያ ጉዞ በየአሥር ደቂቃው ትጠፋብኝ ነበር። ዘይቷን አየሁ፣ ሙሉ ነው። ቤንዚን አለ። ግራ ገባኝ። ለካ ተዳፋት ላይ አስቀምጫት ነው። ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላት፤ ስታዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ እሷም አልቋል ብላ ታጠፋለች። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሯ አደረግኩ፣ ነገሩ አለቀ። ደረቅ ሣርና ጫካ ያለበት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ማርሚታው ላይ የእሳት ፍንጣሪ የሚያስቀር ወንፊት መኖሩን አረጋግጡ።

አሁን በጣም የምፈራው ጉዳይ ላይ ደረስኩ። እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንድ ማታ ዝናብ ነበር። ትልቁን ጄኔሬተር እንዳይረጥብ ብዬ በረንዳው ላይ አቆምኩት። ጣሪያ አለው፣ ፊቱ ክፍት ነው፣ አየር አለ ብዬ ነው። ሽቦው እንዲገባ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ባለቤቴ ራሴን አመመኝ አለች። ትንሽ ቆይቶ ልጄ አቅለሸለሸኝ አለ። እኔም ራሴ ከብዶኛል፤ ድካም ነው ብዬ ነበር። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ? ልጄን ታቅፌ ወጣሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈትን፣ ጄኔሬተሩን አጠፋሁ። ሐኪም ቤት ሄድን። ቶሎ በመውጣታችን ተረፍን።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። «የጭስ ሽታ የለም፣ ስለዚህ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ፣ በረንዳ፣ ድንኳን፣ የድንኳን መግቢያ፣ የመኪና ጀርባ፣ የትም አይሆንም። በር ከፍቶ፣ መስኮት ከፍቶም አይሆንም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የጭሱ መውጫ ወደ ሰው እንዳይዞር። ካምፒንግ ላይ ደግሞ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቼ ነው የማስቀምጠው፤ ነፋሱ ሌሊት ሊዞር ስለሚችል ተኝተን ጄኔሬተር አይበራም። ለዝናቡ አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ሠርቼለታለሁ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም መኝታ ቤት አለ። ጋዙ ሲበዛ ራሳቸውን የሚያጠፉ አዳዲስ ጄኔሬተሮች አሉ። ጥሩ ናቸው። ርቀቱን ግን አይተኩም።

ቀጥሎ የኤሌክትሪሺያኑ ቁጣ። ትልቁን ከቤቱ መስመር ጋር ለማገናኘት ቀላል ዘዴ አገኘሁ ብዬ ነበር። ሁለት ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ሽቦ ሠርቼ አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ መሰካት። ሌላ ሥራ ሊሠራ የመጣ ኤሌክትሪሺያን አየውና ሽቦውን ከእጄ ነጠቀኝ። «እኔ ፖል ላይ ወጥቼ ስሠራ አንተ ይሄን ብትሰካ ማን ነው የሚቀብረኝ?» አለ። ከዚያ አስረዳኝ። ዋናው ብሬከር ካልወረደ ኤሌክትሪኩ ከቤቴ ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ተገላቢጦሽ ወደ ከፍተኛ ቮልት ይቀየራል። መስመሩ ሞቷል ብሎ የነካው ሠራተኛ ያልቅለታል። «ብሬከሩን አወርዳለሁ» አልኩት። «አንድ ቀን ትረሳዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። የተነቀለው ጫፍም ራሱ እንደ እባብ ነው፤ የሚነድፈው ሹል ጫፉ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

ትክክለኛው ነገር ቼንጅ ኦቨር ማስገባት ነው። ወይ ከመስመሩ፣ ወይ ከጄኔሬተሩ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርግ ማብሪያ ነው። ባለሙያ ያስገባዋል። ትንሿን ከገዛሁ በኋላ ግን እሱንም አልተጠቀምኩበትም። ኤክስቴንሽን ስቤ ፍሪጁንና ማከፋፈያውን በቀጥታ እሰካለሁ። ኤክስቴንሽኑ ወፍራም ይሁን፤ የእኔ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የተጠቀለለውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ ብዙ ጉልበት ሲያልፍበት ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል።

ሞተሩን ስለመያዝ ብዙ አልልም፣ ግን ሁለት ሞኝነቴን ልናዘዝ። አዲስ ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። እኔ ቤንዚን ሞልቼ ገመዱን ስጎትት ስጎትት ዋልኩ። ዘይት የለውም። ያ የዘይት መቆጣጠሪያ ባይኖረው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን አቃጥዬው ነበር። የመጀመሪያው ዘይት ደግሞ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ አዲስ ሞተር የብረት ብናኝ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ በመመሪያው መሠረት ነው፣ የእኔ በየ100 ሰዓቱ ወይም በስድስት ወር።

ሁለተኛው ቤንዚን ውስጡ ትቶ መርሳት ነው። አምስት ወር ሳይነካ ተቀመጠ። መብራት የጠፋ ቀን ክንዴ እስኪዝል ጎተትኩ። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ፈቶ አሳየኝ። «ማር ሆኗል» አለ ሙጫ መሳዩን እያሸተተ። አሁን ከተጠቀምኩ በኋላ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቼ ራሷ እስክትጠፋ አሠራታለሁ። በወር አንድ ጊዜ ፍሪጁን ሰክቼ ሩብ ሰዓት ያህል አሠራታለሁ። ባዶዋን ማሠራት ብቻውን አይበቃም፤ ሥራ ሲኖራት ነው በደንብ የምትሞቀው። ቤንዚን የምሞላውም አጥፍቼ ሩብ ሰዓት ካቀዘቀዝኳት በኋላ ብቻ ነው። ጀሪካኑ ላይ የተቀዳበትን ቀን በፕላስተር እጽፋለሁ፤ ሁለት ወር ካለፈው መኪናዬ ይጠጣዋል።

ሌሎቹን ምርጫዎችም ሞካክሬያለሁ። ጓደኛዬ ዘይት ከቤንዚን ተቀላቅሎ የሚገባባት ትንሽዬ ቱ ስትሮክ አውሶኝ ነበር። ለአምፖልና ለስልክ ትሆናለች። ጭሷና ጩኸቷ ግን ልብ ያደርቃል፣ ፍሪጄንም ማስነሳት አቃታት። በጋዝ ሲሊንደርም በቤንዚንም የሚሠሩ አሉ። ጋዝ ቢቀመጥ አይበላሽም፣ ካርቡሬተር አያሙጭም፤ ጉልበቱ ግን ከቤንዚን አሥር ከመቶ ያህል ያንሳል። ቦታ ላላችሁና ለቤት ብቻ ለምትፈልጉት ጥሩ ነው እላለሁ።

ባትሪ ያላቸውን ፓወር ስቴሽኖች ግን በቁም ነገር አስቡባቸው። 1000 ዋትአወር (1000 ዋት ለአንድ ሰዓት ማለት ነው) የሚል ባትሪ ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ 850 ያህል ይሰጣል። ቆጣቢ ፍሪጅ ሲነሳ ሲቆም በአማካይ 50 ዋት ቢበላ 17 ሰዓት ነው። ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ድንኳን ውስጥ ይገባል። መብራት የሚጠፋባችሁ ለጥቂት ሰዓት ከሆነና ካምፒንጋችሁ አንድ ሁለት ሌሊት ከሆነ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ጄኔሬተር አትግዙ። ለተከታታይ ቀናት የሚጠፋባችሁ ከሆነ ግን ባትሪው የሚሞላበት ያጣል። ያኔ ነው ሞተር የሚያስፈልገው።

ስትገዙ ሳታስነሱ አትውጡ። ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በገመድ፣ በራሳችሁ እጅ። ኤሌክትሪክ ማስነሻ ቢኖረውም ገመዱን ሞክሩት፤ ባትሪው የሚሞተው በምትፈልጉት ቀን ነው። የሚያሞቅ ነገር ሰክታችሁ ጉልበቱን ፈትኑት። ሞተሩ ትንሽ ተንገዳግዶ ይስተካከላል፤ እየወረደ ከሄደ ቁጥሩ ውሸት ነው። የውስጡ የሽቦ ጥቅል መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ሁልጊዜ መዳብ ነው ይላል። ተመሳሳይ ቁጥር ካላቸው ሁለት መካከል አንዱ በጣም ከቀለለ ግን ጠርጥሩት። የካርቡሬተርና የአየር ፊልትሮ መለዋወጫ እንደሚገኝም አጣሩ።

በትንሿ ያጣሁት ነገር አለ፣ አልደብቅም። የውሃ ማፍያውን አትችለውም። ካውያም ከፍሪጅ ጋር አይሆንም። የውሃ ፓምፑ 750 ዋት ነው፣ ሲነሳ ግን ከ2000 ያልፋል፤ ሞከርኩት፣ የኦቨርሎዱ ቀይ መብራት በራና ሁሉም ጠፋ። ስለዚህ መብራት ባለ ሰዓት ታንከሩን እንሞላለን። ውሃ የምናፈላው በጋዝ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመድነው። አንድ ቀን ካስፈለገን የእሷን እኩያ ገዝቼ በማጣመሪያ ገመድ ላገናኛቸው እችላለሁ፤ ለዚህ የሚሆን መሰኪያ ያላትን የመረጥኩት አስቤበት ነው።

ትልቁን ብረት የሚበይድ ጎረቤቴ ገዛኝ። ብየዳ ያን ሁሉ ዋት ይጠይቃል። አሁን ከሥራ ቦታው ሲያስነሳው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።